የደቡቡ በር

ሾኔ ላይ ልጁ የት እንዳለ የተጠየቀ አባት ብዙ ጊዜ መልሱ አንዲት ቃል ናት፤ «ሳውዝ»፣ ደቡብ አፍሪካ ማለቱ ነው። ከሃላባ ወደ ወላይታ ሶዶ በሚያልፈው አስፋልት ግራና ቀኝ ከቆሙት ፎቆች፣ ከሱቆቹና ከባጃጆቹ መካከል የትኞቹ በሳውዝ ገንዘብ እንደመጡ የከተማው ሰው በጣቱ እየጠቆመ ይነግርሃል። በዚህች የምሥራቅ ባደዋቾ ከተማ ዲኤስቲቪ ቤት ተቀምጦ የደቡብ አፍሪካን ሊግ ማየት የእንግሊዙን ሊግ እንደማየት አይደለም። ካሜራው ከሜዳው ወጥቶ ተመልካቹን ሲያሳይ ዓይን ሰው ይፈልጋል፤ የወንድም ፊት፣ የጎረቤት ልጅ ፊት።

ይህ ትረካ በዚያ አገር ኳስ ለመጫወት ስለሄዱ ኢትዮጵያውያን ነው፤ ይልቁንም ስለ ፍቅሩ ተፈራ፣ ስለ ጌታነህ ከበደና ስለ አቡበከር ናስር። ሦስቱም የሾኔ ልጆች አይደሉም። ከሾኔ የሄደው ልጅ ግን በሌላ መንገድ ይሂድ እንጂ የደረሰው እነርሱ ዘንድ ነው። ታሪኩ የሚጀምረው ደግሞ ሦስቱም ሳይወለዱ፣ በሩ ገና ሲዘጋ ነው፤ ከዘጉት ሰዎችም አንዱ ኢትዮጵያዊ ነበሩ።

የካቲት 1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ተመሠረተ። መሥራቾቹ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። በመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ኢትዮጵያ እንድትገጥም የተመደበችው ከደቡብ አፍሪካ ጋር ነው። የአፓርታይዱ መንግሥት ግን ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም አለ፤ ወይ ነጭ ብቻ፣ ወይ ጥቁር ብቻ። ሌሎቹ ሦስቱ «እንዲያ ከሆነ ይቅርባችሁ» ብለው ከውድድሩ አስወጧት። ኢትዮጵያ አንድም ጨዋታ ሳትጫወት ፍጻሜ ደረሰች፤ እዚያም ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈቻት። አራቱንም ጎል ያገባው አድ ዲባ የሚባል አንድ ሰው ነው።

ከኮንፌዴሬሽኑ መሥራቾች አንዱ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። የቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋች፣ ቀጥሎ አሠልጣኝ፣ ቀጥሎ አስተዳዳሪ፤ የኢትዮጵያን ኳስ ከጫማው እስከ ማኅተሙ የሚያውቁ ሰው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ የጥምቀት ሰሞን፣ አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሣ አሠልጣኙ እርሳቸው ነበሩ። ግርማ ተክሌ፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ አንዳንድ ጎል አገቡ። ቀኑን ልብ በሉልኝ፤ ጥር 13። ኋላ እመለስበታለሁ። በዚያው ዓመት ኔልሰን ማንዴላ አዲስ አበባ መጥተው ኮልፌ ላይ የጦር ትምህርት ተምረዋል። የደቡብ አፍሪካ ሰው ወደ ኢትዮጵያ የሚሰደድበት ዘመን ነበር።

ከዚያ ድል አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ ታኅሣሥ 1953፣ ዛሬ ማፑቶ ከምንላት ከሎሬንሶ ማርኬስ አንድ የ18 ዓመት ልጅ በአውሮፕላን ወደ ሊዝበን ተወስዶ ነበር። ኤውዜቢዮ ነው። ለቤንፊካ ተጫወተ፣ በ1958ቱ የዓለም ዋንጫ ለፖርቱጋል 9 ጎል አገባ፣ ዓለም ጉድ አለ። ለሞዛምቢክ ግን አንድም ጊዜ አልተሰለፈም፤ ሞዛምቢክ የምትባል ነጻ አገር ገና አልነበረችም። የዚያ ዘመን የአፍሪካ ኳስ መሪዎችን እንቅልፍ የነሣቸው ይህ ነው፤ ከእኛ ተወልዶ፣ ከእኛ ሜዳ አድጎ፣ ጎሉ ለሌላ ሲቆጠር። ኮንፌዴሬሽኑ አንድ አገር ለአፍሪካ ዋንጫ ባሕር ማዶ ከሚጫወቱት ልጆቿ ከሁለት በላይ እንዳታሰልፍ ደንብ አወጣ። ይድነቃቸውም ተጫዋች ወደ ውጭ መፍሰሱን አጥብቀው ከሚቃወሙት ወገን ነበሩ።

በ1964 ዓ.ም. የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ እስኪሞቱም ከወንበሩ አልወረዱም። አፓርታይድን ከኳስ ሜዳ የማባረሩ ትግል የእርሳቸው ትግል ሆነ። ሐምሌ 1968 ፊፋ ደቡብ አፍሪካን ከአባልነት አሰናበተ። በ1974 ዓ.ም. የሁለት ተጫዋቾቹ ደንብ ቀረ፤ የአፍሪካ ዋንጫ አውሮፓ ለሚጫወተው ሁሉ ክፍት ሆነ። በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ ሊቢያ ላይ በተደረገው ውድድር ተካፈለችና ከዚያ ለ31 ዓመት አልተመለሰችም። ሁለቱን ነገር ያገናኘው የቀን መቁጠሪያ ብቻ ሊሆን ይችላል። ግን ሌላው አፍሪካ ልጆቹን ልኮ በተጠናከረበት ዘመን የእኛዎቹ አገር ቤት ቀሩ፤ ይድነቃቸው አፍሪካ እንድትይዘው የፈለጉትን ነገር ይዛ የቀረችው የራሳቸው አገር መሆኗ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. ይድነቃቸው ዐረፉ። ደቡብ አፍሪካ ወደ ኳሱ ዓለም ስትመለስ አላዩም። ሰኔ 1984 ተመለሰች፤ በ1988 ዓ.ም. በገዛ አገሯ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደች።

በሩ ተከፈተ ማለት ነው። ቀድሞ የገባው ግን ኳስ ተጫዋች አይደለም፤ ሱቅ ከፋች ነው።

በ1993 ዓ.ም. ገደማ ሆሳዕና ላይ በተደረገ ትልቅ የወንጌል ስብሰባ ከውጭ የመጣ ሰባኪ በደቡብ በኩል በር ይከፈትላችኋል ብሎ ተነበየ ይባላል። ሰሚው «ደቡብ» የተባለችውን ደቡብ አፍሪካ ናት ብሎ ፈታት። ትንቢቱን ለሰማይ እንተወው፤ መሬት ላይ የነበረው ነገር ይታወቃል። የሀዲያና የከምባታ ደጋ ሰው የበዛበት፣ ማሳው ለአምስት ወንድማማች ሲከፈል የእንሰት ጓሮ ብቻ የሚተርፍበት ምድር ነው። ትምህርት የጨረሰ ልጅ ሥራ የለውም። ቀድሞ የደረሰው ገንዘብ ላከ፣ ቤት ሠራ፣ ወንድሙን ጠራ፤ ወንድሙ ያጎቱን ልጅ። በሬ ተሸጠ፣ መሬት ተያዘ፣ ዘመድ አዋጣ፣ ደላላው ተቀበለ። ሞያሌ፣ ናይሮቢ፣ ታንዛኒያ፣ ማላዊ፤ ከዚያ በሞዛምቢክ ወይ በዛምቢያና በዚምባብዌ። የደረሰ ሰው ብርድ ልብስና ልብስ ተሸክሞ በየሎኬሽኑ፣ ማለትም በየጥቁሮቹ ሰፈር፣ ቤት ለቤት በዱቤ ይሸጣል፣ በወሩ መጨረሻ ዞሮ ይሰበስባል፣ ሲጠነክር የምግብ ሱቅ ይከፍታል። ጆሃንስበርግ መሐል የጂፒ መንገድ የሐበሻ ገበያ የሆነው እንዲህ ነው።

በዚያው ሰሞን፣ መጋቢት 20 ቀን 1995 ዓ.ም.፣ ፖርቶ ከተማ ላይ ፖርቱጋል ብራዚልን 2 ለ 1 አሸነፈች። የማሸነፊያዋን ጎል በቅጣት ምት ያገባው ተቀይሮ የገባ አንድ ብራዚላዊ ነው፤ ያውም ለፖርቱጋል ለመጀመሪያ ጊዜ በተሰለፈበት ቀን። ዴኮ ይባላል። የእርሱን መንገድ ጠጋ ብሎ ማየት የእኛዎቹን ለመረዳት ይጠቅማል። በ1989 ዓ.ም. ገደማ፣ ገና 20 ዓመት ሳይሞላው ከብራዚል ወጥቶ ለቤንፊካ ፈረመ፤ ቤንፊካ ግን አልተጠቀመበትም፣ አልቬርካ ለሚባል ትንሽ ክለብ አዋሰው። ከዚያ ሳልጌይሮስ የሚባል ሌላ ትንሽ ክለብ ገባ። ሳልጌይሮስ ግን የፖርቶ ከተማ ክለብ ነው፤ ትልቁ ፖርቶ ጎረቤት ሆኖ ያየዋል። ወሰደው። ግንቦት 18 ቀን 1996 ዓ.ም. በአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ሞናኮን 3 ለ 0 ሲያሸንፉ ሁለተኛዋን ጎል ያገባው ዴኮ ነው፤ በዚያው ክረምት ባርሴሎና ገዛው።

ብራዚላዊ ሊዝበን ሲወርድ ቋንቋው ይጠብቀዋል። ቀድመውት የሄዱ ብራዚላውያን በየክለቡ አሉ። ወረቀቱም አይከብድም፤ ዓመታት ከተቀመጠ ዜግነት ያገኛል። ከሁሉም በላይ ግን ሲወድቅ የሚይዘው ሁለተኛ ክለብ፣ ከዚያም ሦስተኛ ክለብ አለው። ቤንፊካ ቢጥለው አልቬርካ አለ፣ አልቬርካ ቢያልቅ ሳልጌይሮስ አለ። መሰላል ነው። አንድ እርከን ቢሰበር እግርህ ሌላው ላይ ያርፋል።

ፍቅሩ ተፈራ የሄደው መሰላል ወደሌለበት ነው። የአዲስ አበባ ልጅ፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ አጥቂ፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ የሶዌቶው ኦርላንዶ ፓይሬትስ ወሰደው። ትልቅ ነገር ነበር። ፓይሬትስ አህጉሪቱ ላይ ስሙ የሚታወቅ፣ የአፍሪካ ክለቦችን ዋንጫ ያነሣ ክለብ ነው። ከዚያ ወደ ፕሪቶሪያው ሱፐርስፖርት ዩናይትድ ተሻገረ። ሱፐርስፖርት በአሠልጣኝ ጋቪን ሃንት ሥር ሦስት ዓመት ተከታታይ ሊጉን የወሰደበት ዘመን ነው። ፍቅሩ ጎል ሲያገባ አየር ላይ ይገለበጥ ነበር። የደቡብ አፍሪካ ተመልካች ይወድለታል፤ ሎኬሽን ሱቅ ውስጥ ከብረት ፍርግርግ ኋላ ቆሞ ዳቦ የሚሸጥ የሆሳዕና ልጅማ እንዴት አይወደው! ደንበኛው መጥቶ «ፍቅሩ ያንተ አገር ሰው ነው አይደል?» ሲለው ያ ቀን ሌላ ቀን ነው።

ግንቦት 2000 ዓ.ም. ከጆሃንስበርግ አሌክሳንድራ ሎኬሽን የተነሣው በውጭ አገር ሰዎች ላይ የተቃጣ ጥቃት አገሩን አዳረሰ፤ ከ60 በላይ ሰው ሞተ፣ ሱቅ ተዘረፈ፣ ተቃጠለ። የእኛም ሰዎች ከተጎዱት ነበሩ። ፍቅሩ የሚጫወትበት ሜዳና የተቃጠለው ሱቅ የአንድ አገር ናቸው፤ የሚያጨበጭበው እጅና ድንጋይ የሚወረውረው እጅ አንዳንዴ አንድ ሰፈር ያደገ ነው። በሾኔ እናቶች ስልክ ሲጠባበቁ የከረሙበት ወር ነው ያ።

ከደቡብ አፍሪካ በኋላ የፍቅሩ መንገድ ተበታተነ። ቼክ ሪፐብሊክ ምላዳ ቦሌስላቭ፣ ፊንላንድ ኩኦፒዮ፣ ቬትናም ታን ሆዋ፤ በመሐል ደግሞ እየተመለሰ የደቡብ አፍሪካ ትንንሽ ክለቦች። ካርታ ላይ መስመር ብታሰምርለት የተቋጠረ ክር ይመስላል። አንዱ ወደ ሌላው የሚያደርስ አይደለም፤ እያንዳንዱ ለብቻው የተገኘ ሥራ ነው። እኔ ይህን እንደ ውድቀት አላየውም። ማንም ያልጠረገውን መንገድ የሚሄድ ሰው ቀጥ ብሎ ሊሄድ አይችልም።

ሰኔ 2004 ታንዛኒያ ውስጥ ዶዶማ አካባቢ በጭነት መኪና ታፍነው የሞቱ 43 ኢትዮጵያውያን አስከሬን ተገኘ። ሲጓዙ የነበሩት ወደ ደቡብ ነው። ከዚያ አራት ወር ሳይሞላ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ላይ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰኢድ አገቡና ኢትዮጵያ ሱዳንን 2 ለ 0 አሸነፈች። ኦምዱርማን ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈን ስለነበር በውጭ ሜዳ ባገባነው ጎል አለፍን። ከ31 ዓመት በኋላ የአፍሪካ ዋንጫ! የሚደረገውስ የት? መጀመሪያ ለሊቢያ ተሰጥቶ ነበር፤ ሊቢያ በጦርነት ስትታመስ ውድድሩ ወደ ደቡብ አፍሪካ ዞረ። አሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው ቡድናቸውን ይዘው የሚሄዱት የእኛ ሰው ወደሞላበት አገር ሆነ።

የመጀመሪያው ጨዋታ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ዋለ። ያችው ጥር 13። ዋንጫው አዲስ አበባ ላይ ከተነሣ 51 ዓመት፣ በቀኑ። ከተማዋ ኔልስፕሩት ናት፤ ከጆሃንስበርግ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፣ ከሞዛምቢክ ድንበር ግን ቅርብ ናት። ሱቅ ተዘጋ፣ ሚኒባስ ተከራዩ፣ አረንጓዴ ቢጫ ቀዩ በየመኪናው መስኮት ወጣ። ጥቂት ዓመት ቀድሞ በዚያ አካባቢ ድንበር በሌሊት ተደብቆ ያለፈ ሰው በዚያ ቀን ትኬት ቆርጦ፣ ፊቱን ቀለም ተቀብቶ፣ በጠራራ ፀሐይ በዋናው በር ገባ። እኔ ስለዚያ ውድድር ሳስብ ከጎሉ በፊት የሚታየኝ ይህ ነው።

ተጋጣሚዋ ዛምቢያ የዋንጫው ባለቤት ነበረች። ሳላዲን ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ። በረኛው ጀማል ጣሰው ቀይ ካርድ አየ፤ ከመቀመጫው ቩቩዜላና ጠርሙስ ወደ ሜዳ ዘነበ። ከዕረፍት በፊት ኮሊንስ ምቤሱማ አገባብን። በዐሥር ሰው ቀርተን፣ በ65ኛው ደቂቃ አዳነ ግርማ አቻ አደረገ። አንድ ለአንድ። ጆሃንስበርግ ያን ሌሊት የተኛ ሐበሻ አለ ብዬ አላምንም። ጥር 17 ቡርኪናፋሶ 4 ለ 0 ቀጣን፤ ጥር 21 ሩስተንበርግ ላይ ናይጄሪያ በሁለት ፍጹም ቅጣት ምት አሰናበተችን። የኋለኞቹን ሁለቱን ቶሎ ማለፍ ይሻላል።

በዚያ ቡድን ውስጥ የዲላው ልጅ ጌታነህ ከበደ ነበር። ዲላ ከሾኔ ሩቅ አይደለችም፤ ምድሩ ያው የእንሰትና የቡና ምድር ነው። ደደቢት በዚያው ዓመት ሊጉን ሲያሸንፍ ዋናው ጎል አግቢ እርሱ ነው። ሰኔ 9 ቀን 2005 ዓ.ም. ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ደቡብ አፍሪካ አዲስ አበባ መጣች። በርናርድ ፓርከር አገባብን፤ ዕረፍት ሊወጡ ሲሉ ጌታነህ አቻ አደረገ፤ በሁለተኛው አጋማሽ ያው ፓርከር በገዛ መረቡ ላይ አስቆጠረ። 2 ለ 1። ደቡብ አፍሪካ ከውድድሩ ወጣች፤ የሚቀጥለው የዓለም ዋንጫ ብራዚል ነው፤ አዲስ አበባ እየጨፈረች ሳለ የፊፋ ወሬ መጣ። ከስምንት ቀን በፊት ከቦትስዋና ጋር ስንጫወት በሁለት ቢጫ ካርድ መቀመጥ የነበረበት ተጫዋች ተሰልፏል። 3 ነጥብ ተነጠቅን። ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ነበረው፦ ካርድ የሚቆጥር አንድ ሰው እንኳ እንዴት ጠፋ? ጳጉሜን 2 ቀን ብራዛቪል ላይ መካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክን አሸንፈን እንደገና ወደ መጨረሻው ማጣሪያ አለፍን። ጥቅምት 3 ቀን 2006 አዲስ አበባ ላይ በኃይሉ አሰፋ ናይጄሪያ ላይ ቀድሞ አገባ፤ ኢማኑኤል ኢሜኒኬ ሁለት መለሰ፤ ኅዳር 7 ካላባር ላይ 2 ለ 0። ብራዚልን በቴሌቪዥን አየናት።

ጌታነህ ግን ደቡብ አፍሪካ ላይ ባገባ ሰሞን ደቡብ አፍሪካ ወሰደችው። የጆሃንስበርጉ ቢድቬስት ዊትስ አስፈረመው፤ የዊትስ ዩኒቨርሲቲ ክለብ ነበር፣ ሜዳው ከጂፒ የሐበሻ ገበያ ብዙ አይርቅም። አሠልጣኙም ቀድሞ የፍቅሩ ክለብ አሠልጣኝ የነበረው ጋቪን ሃንት ሆነ። መሰላሉ ሊሠራ የጀመረ መስሎ ነበር። ጎልም አገባ። ቀጥሎ ግን ለፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ ክለብ ተዋሰ፣ ቀጥሎ ወደ ደደቢት ተመለሰ። ዴኮም ተውሶ ነበር፤ ልዩነቱ ጌታነህ የተዋሰበት ቦታ ወደ ላይ የሚያይ ጎረቤት አልነበረውም። ዊትስ ራሱም በ2012 ዓ.ም. ፈቃዱ ተሽጦ ከካርታ ጠፋ።

አገር ቤት ሲመለስ ድሃ አልሆነም፤ ይህንንም መናገር ያስፈልጋል። የእኛ ክለቦች አብዛኞቹ በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት ድርጅት በጀት የሚኖሩ ናቸው፤ ለጥሩ ተጫዋች የሚከፍሉት ደመወዝ እየናረ ሄዶ በ2011 ክረምት በወር ከ50 ሺህ ብር አይለፍ የሚል ጣሪያ እስከ ማውጣት ተደርሷል። የሾኔ ልጅ ደቡብ አፍሪካ የሚሄደው እዚህ ስለሌለው ነው። ኳስ ተጫዋቹ እዚህ አለው። ፊንላንድ በረዶ ውስጥ ተቀያሪ ሆኖ ከመቀመጥ አዲስ አበባ ላይ ኮከብ መሆን ይሻላል የሚል ልጅ ተሳስቷል ለማለት ይከብደኛል። ጌታነህ በ2009 ዓ.ም. ለደደቢት 25 ጎል አግብቶ የሊጉ ኮከብ ጎል አግቢ ሆነ። ሌሎቹም መንገድ ሲፈልጉ ወደ ሰሜን ዞሩ፤ የሐዋሳው ሽመልስ በቀለ ግብፅ ፔትሮጄት ዓመታት ተጫወተ፣ ሳላዲን ከዋዲ ደግላ እስከ አል አህሊ ደረሰ።

ፍቅሩ? ፍቅሩ ሕንድ ገባ። አዲሱ የሕንድ ሱፐር ሊግ ጥቅምት 2 ቀን 2007 ዓ.ም. ኮልካታ ሶልት ሌክ ስታዲየም ሲከፈት፣ የአትሌቲኮ ዴ ኮልካታ አጥቂ ሆኖ በ27ኛው ደቂቃ ሙምባይ ላይ አገባ። የዚያ ሊግ የመጀመሪያዋ ጎል ናት፤ ሊጉ እስካለ ድረስ የመጀመሪያዋ እርሷ ናት፣ ያገባትም ኢትዮጵያዊ ነው። ተገለበጠ፤ ሕንዶች አበዱለት። ክለቡ ዋንጫውን ሲወስድ እርሱ ተጎድቶ ፍጻሜው ላይ አልነበረም። በማግስቱ ዓመት ወደ ቼናይ ሄደ፤ አምበሉ የብራዚሉ ኤላኖ፣ አሠልጣኙ ጣልያናዊው ማቴራዚ፤ ያም ክለብ ዋንጫ ወሰደ። ብራዚል ለጌታነህ ቡድን ባትሆንም ብራዚላዊ ለፍቅሩ ኳስ አቀበለ።

ሆሳዕናም በዚህ መሐል የራሷን ኳስ ይዛ መጣች። ሀዲያ ሆሳዕና በ2008 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊግ ገባ፣ ወረደ፣ በ2012 ተመለሰ። አቢዮ ኤርሳሞ ስታዲየም የሚገባው ሕዝብ ግማሹ ስልኩን አንሥቶ ለሳውዝ ወንድሙ እያሳየ ነው የሚያየው። መጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ ቴቴ ክፍለ ሀገር አንድ ኮንቴይነር ሲከፈት 64 ሰዎች ሞተው ተገኙ፤ ኢትዮጵያውያን ናቸው ተባለ። 14 በሕይወት ወጡ። ኤውዜቢዮ በአውሮፕላን በተወሰደባት አገር።

በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር በአንድ የውድድር ዓመት 29 ጎል አገባ፤ የጌታነህን 25 አለፈ። ገና 21 ዓመቱ ነበር። መጋቢት 3 ቀን በዚያው ዓመት ፓትሪስ ሞትሴፔ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። ይድነቃቸው 15 ዓመት የተቀመጡበት ወንበር ላይ ደቡብ አፍሪካዊ ተቀመጠ። ሞትሴፔ የማሜሎዲ ሰንዳውንስ ባለቤት ናቸው፤ የክለቡን ሊቀመንበርነት ለልጃቸው አስረከቡ። በ2014 ዓ.ም. ያ ክለብ አቡበከርን ወሰደው።

ሰንዳውንስ ቢጫ ማሊያና ሰማያዊ ቁምጣ ይለብሳል፤ በዚያም ምክንያት አገሬው «ብራዚላውያን» ብሎ ይጠራዋል። አቡበከር በ22 ዓመቱ ከብራዚላውያኑ አንዱ ሆነ። ከፍቅሩም ከጌታነህም የተሻለ በር ነበር፤ ሊጉን በየዓመቱ የሚወስድ፣ በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ የሚፈራ ክለብ። በመጀመሪያ ዓመቱ ዋንጫ አየ። ጉዳት ግን አልለቀቀውም፤ ሲሻለው ወንበሩን ሌላ ሰው ይዞ ይጠብቀው ነበር።

አቡበከር ገና በመጀመሪያ ዓመቱ ላይ ሳለ፣ ኅዳር 30 ቀን 2015 ዓ.ም. ኳታር ላይ በተደረገው የዓለም ዋንጫ ብራዚል በክሮኤሺያ ተሸነፈች። በሾኔ ዲኤስቲቪ ቤቶች ግማሹ ተመልካች ቢጫ የለበሰ ነበርና ያለቀሰም ነበር። በማግስቱ ታኅሣሥ 1 ፖርቱጋል በሞሮኮ ተረታች፤ ፔፔ፣ በ18 ዓመቱ ከብራዚል ወጥቶ ማዴይራ ደሴት ላይ የጀመረው ፔፔ፣ በ39 ዓመቱ የፖርቱጋልን ማሊያ ለብሶ ሜዳው ውስጥ ቆሞ ቀረ። ቤቱ ውስጥ የአፍሪካ ደስታ ነበር።

ታኅሣሥ 2፣ እሑድ፣ ከሉሳካ ሰሜን ንግዌሬሬ በሚባል ቦታ መንገድ ዳር የተጣሉ 27 አስከሬኖች ተገኙ። ኢትዮጵያውያን ናቸው ተባለ። አንድ ሰው ብቻ እየተነፈሰ ነበር። እንዲህ ያለ ወሬ በመጣ ቁጥር ሾኔም ሆነ ሆሳዕና፣ ዱራሜም የሚሆነው አንድ ነው፤ ስም ዝርዝር ሳይመጣ ሰው ስልኩን ያወጣል። መጀመሪያ የሚደወለው መንገድ ላይ ላለው ነው። ካልተነሣ ቀድሞ ለደረሰው፣ ጂፒ ላለው፣ ሎኬሽን ላለው።